እጅ ሲደነዝዝ፦ ድሬዳዋና ሐረር ላይ ሆኖ የነርቭ ሕመምን ማስመርመርና መታከም

ሐኪም ፊት ቀርባችሁ «ዶክተር፣ እጄን ያመኛል፤ ይደነዝዘኛል» ካላችሁ፣ ማስታገሻ ኪኒንና የቫይታሚን መርፌ ታዞላችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ። «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ አውራ ጣቴ፣ ሌባ ጣቴና መሃል ጣቴ ደንዝዘው ይቀሰቅሱኛል፤ እጄን ሳራግፈው ይተወኛል» ካላችሁ ግን ሐኪሙ እጃችሁን ገና ሳይነካ የምርመራውን ግማሽ ጨርሷል። ከማሽንም ከመድኃኒትም በፊት የሚያስፈልገው ይሄ ነው፦ የትኛው ጣት፣ መቼ፣ ምን ስትሠሩ። ስለዚህ ሥራው ከቤት ይጀመራል።

መጀመሪያ ጣቱን ለዩ

ነጭ ወረቀት ላይ እጃችሁን ዘርግታችሁ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ንደፉ። ለመዳፉ አንድ፣ ለጀርባው አንድ። የሚደነዝዘውን ቦታ አጥቁሩት። የሚያመውን ቦታ ምልክት አድርጉበት። ሳምንት ያህል ሰዓቱን፣ የያዛችሁትን ሥራና ያስታገሠላችሁን ነገር ከጎኑ ጻፉ። ሆስፒታል ወረፋው ረጅም፣ ከሐኪሙ ጋር የምትቆዩበት ጊዜ ደግሞ አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ወረቀቱ ብዙ ይናገርላችኋል።

አሁን ሥዕሉን እናንብበው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ መሃል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከጠቆሩ፣ ጣጣው ያለው ሚዲያን የሚባለው ነርቭ ላይ ነው። ይህ ነርቭ ወደ መዳፍ የሚገባው በእጅ አንጓ ውስጥ ባለ ጠባብ መተላለፊያ ነው፤ መተላለፊያውንም ከዘጠኝ ጅማቶች ጋር ይጋራል። ትንሽ እብጠት ከተጨመረበት ነርቩ ይጨናነቃል። ሐኪሞች ካርፓል ተነል ሲንድሮም ይሉታል። ከእጅ ነርቭ መጨናነቆች ሁሉ በብዛት የሚታየውም እሱ ነው። ሌሊት ይብሳል፤ ተኝተን አንጓችንን ስለምናጥፍ። ቀን ደግሞ ስልክ ሲይዙ፣ የባጃጅ መሪ ሲጨብጡ፣ ልብስ ሲያጥቡ ብቅ ይላል። ቆይቶ እቃ ከእጅ ማምለጥ፣ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍም ማስቸገር ይጀምራል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶች ላይ ይበዛል። እርግዝና፣ ስኳር በሽታና የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ያመጡታል ወይም ያባብሱታል። አንጓውን አጥፎ፣ በጉልበት፣ ያንኑ እንቅስቃሴ ሲደጋግም የሚውል ሰውም ይጋለጣል። ሐረር መኪና ግርግር የስፌት መኪና ላይ የምትውሉ ወንድሞች፣ ይህ እናንተንም ይመለከታል።

የጠቆረው ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሹ ከሆነ ነርቩ አልናር ይባላል። ክርናችን ሲመታ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝረን እሱ ነው። በክርን ውስጠኛ አጥንት ጀርባ፣ ከቆዳ ሥር ብዙም ሳይርቅ ያልፋል። ክርን ሲታጠፍ ይወጠራል፤ ክርን ላይ ሲደገፉ ይጫናል። ድሬና ሐረር ላይ ስለዚህ ነርቭ ሲወራ በርጫን፣ ጫት እየቃሙ መቀመጡን፣ መዝለል አይቻልም። ከምሳ በኋላ ፍራሽ ላይ ጎን ብሎ፣ ግራ ክርንን ትራስ ላይ ተክሎ እስከ ማታ ይዋላል። የግራ ትንሿ ጣቱ የምትደነዝዝ ሰው አቀማመጡን ለሐኪሙ ሳያፍር ይንገር። መቃም አለመቃሙ ሌላ ወሬ ነው፤ እዚህ ጋ ነርቩን የሚጎዳው ክርን ላይ ለሰዓታት መደገፉ ነው።

ሦስተኛው ነርቭ ራዲያል ነው። እሱ ሲጎዳ ከመደንዘዙ ይልቅ ድካሙ ይጎላል፤ እጅ አንጓው ላይ ይወድቅና ቀና አልል ይላል። የላይኛው ክንድ አጥንት ሲሰበር፣ ያለቦታው በተወጋ መርፌ፣ ወይም ክንድን ወንበር መደገፊያ ላይ ጥሎ ከባድ እንቅልፍ ሲወስድ ይመጣል። በእንቅልፍ የመጣው በአብዛኛው በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ይመለሳል። ያም ሆኖ መታየት አለበት።

ሕመሙ ከአንገት ወይም ከትከሻ ጀርባ ተነሥቶ ክንድን ተከትሎ የሚወርድ፣ አንገት ሲዞርም የሚብስ ከሆነ፣ ሥሩ አንገት ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም እግሮች ቀድመው ደንዝዘው ሁለቱም እጆች ከተከተሉ ደግሞ ነገሩ የአንድ ነርቭ መጨናነቅ አይመስልም። ያኔ የሚፈለገው ስኳር፣ የቫይታሚን ቢ 12 እጥረት፣ የአልኮል ብዛት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ነው።

ቤት ውስጥ የሚሞከሩ ቀላል ነገሮችም አሉ። የሁለቱን እጆች ጀርባ አጋጥሙ፤ ጣቶቻችሁን ወደ መሬት አድርጋችሁ 60 ሴኮንድ ቆዩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ጣቶች ከደነዘዙ ሚዲያንን ጠርጥሩ። ክርናችሁን እስከ መጨረሻው አጥፋችሁ ለዚያው ያህል ቆዩ፤ ትንሿ ጣት ከደነዘዘች አልናርን ጠርጥሩ። ዓይናችሁን ጨፍኑና ሌላ ሰው ጣቶቻችሁን በጥጥ ጫፍ ይንካችሁ፤ የማይሰማችሁን ለይታችሁ ጻፉ። በመጨረሻ ሁለቱን እጆች አስተያዩ። ከአውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ሟሽሿል? በእጅ ጀርባ፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ቦታ ጎድጉዷል? ጡንቻ መሟሸሽ ከጀመረ «እስቲ ትንሽ ልየው» የሚባልበት ጊዜ አልፏል።

እነዚህ ሙከራዎች ብቻቸውን አይፈርዱም። ጤነኛ ሰውም ሊደነዝዝ ይችላል። ከወረቀቱ ጋር ሲደመሩ ነው የሚጠቅሙት።

ዛሬውኑ የሚያስኬዱ ምልክቶች

ክንድ በድንገት ከደከመ፣ ፊት ከተጣመመ ወይም አንደበት ከተያያዘ ይህ የአንጎል ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ደረትን ጨምድዶ ወደ ግራ ክንድ የሚወርድ ሕመም፣ ላብና ትንፋሽ ማጠር ካለው ደግሞ የልብ ሊሆን ይችላል። በሁለቱም ጊዜ ካርድና ሪፈር ሳትሉ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ሁለቱም እጆች ደክመው አካሄድ ከተንገዳገደ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካስቸገረም እንዲሁ፤ ያ አንገት ውስጥ ያለው ሕብለ ሰረሰር መጫኑን ሊያሳይ ይችላል።

አንጓን ወይም ክንድን ቢላ ወይም መስታወት ከቆረጠው፣ ደሙ ቆመ ብላችሁ አትመለሱ። ቁስሉ ከመሰፋቱ በፊት ጣቶቹ መንካት እንደሚሰማቸው፣ መታጠፍና መዘርጋት እንደሚችሉ ይታይ። የማይሰማ ጣት ካለ ነርቩ ተቆርጦ ይሆናልና በቶሎ የሚሰፋ ቀዶ ሐኪም ያስፈልጋል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። የተሰበረ ክንድ ወጌሻ ጋ በቀርከሃና በጨርቅ ጥብቅ ብሎ ታስሮ ልጆች እጃቸውን ያጣሉ። ከታሰረ በኋላ ጣቶች ከገረጡ፣ ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ወይም ሲዘረጉ ሕመሙ የማይቻል ከሆነ እስራቱን እዚያው ፍቱትና ወደ ሆስፒታል ሩጡ። በሰዓታት ውስጥ ጡንቻም ነርቭም ይሞታል። ወጌሻው ጎረቤትም ይሁን አጎት፣ ይሉኝታ እዚህ ቦታ የለውም። ደንዝዞ የሚያድር እጅንም «ጅማት ዞሮ ነው» ተብሎ በኃይል ማሳሸት የተጨነቀውን ነርቭ ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

የት ይኬዳል?

አስቸኳይ ካልሆነ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ሪፈር ሳትይዙ በቀጥታ ሆስፒታል ብትሄዱ ወጪው ወደ ራሳችሁ ሊዞር ይችላል። ጤና ጣቢያው ስኳር ይለካላችኋል። ለጾም ስኳር ከሆነ ቢያንስ 8 ሰዓት ከውሃ በቀር ምንም ሳትቀምሱ በጠዋት ሂዱ። ውጤቱ በዴሲሊትር 126 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነና በድጋሚ ምርመራም ከጸና ስኳር በሽታ ነው። ብዙ ሰው ስኳር እንዳለበት የሚያውቀው በእጅ ወይም በእግር መደንዘዝ ሰበብ ነው።

የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ያዙ። የቲቢ መድኃኒት ውስጥ ያለው አይሶኒያዚድ ነርቭ ሊጎዳ ይችላል፤ ቫይታሚን ቢ 6 አብሮ የሚሰጠውም ለዚሁ ነው። ለረጅም ጊዜ ሜትፎርሚን የሚወስድ የስኳር ታማሚ የቢ 12 መጠኑ ሊወርድ ይችላል። የኤችአይቪ፣ የኩላሊትና የታይሮይድ ምርመራም እንደ ሁኔታው ይታዘዛል።

ሪፈሩን ይዛችሁ ድሬዳዋ ከሆናችሁ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን፣ ሐረር ከሆናችሁ ጁገል ወይም በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ትሄዳላችሁ። ሁለቱ ከተሞች 50 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚራራቁ፣ የምትፈልጉት ስፔሻሊስት አንዱ ጋ ከሌለ ሌላው ጋ መኖሩን ጠይቁ። የአንጓና የክርን መጨናነቅ፣ ስብራትና ቁስል የአጥንት ወይም የቀዶ ሕክምና ክፍል ጉዳይ ነው። ሁለቱም እጆችና እግሮች ከደነዘዙ የውስጥ ደዌ ክፍል ያያችኋል። የነርቭ ሐኪም ከተገኘ ሁሉንም ይመለከታል።

እዚህ ላይ ስለ ሥጋ ደዌ ሳልናገር ባልፍ ሐቀኛ አልሆንም። በሽታው ከሀገራችን አልጠፋም፤ ነርቭ ማጥቃትም ዋና ባሕሪው ነው። በተለይ ክርን ጀርባ ያለውን አልናር ነርቭ ይወዳል። ከአካባቢው ቆዳ ነጣ ወይም ቀላ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቦታ ሰውነታችሁ ላይ ካለ፣ ክርን ጀርባ የወፈረ ገመድ የሚመስል ነገር ከተዳሰሰ፣ ወይም እሳት ሳይሰማችሁ እያቃጠላችሁ ከሆነ ለሐኪሙ በግልጽ ተናገሩ። ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ ያለው የቢሲድሞ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና ለረጅም ዘመን ይታወቃል። መድኃኒቱ በነፃ ነው፤ እንደ ዓይነቱ 6 ወይም 12 ወር ይወሰዳል፤ ይድናልም። የነርቩ ጉዳት ከጀመረ 6 ወር ሳይሞላው ስቴሮይድ የሚባለው እብጠት ቀናሽ መድኃኒት ቢታከልበት ስሜቱ የመመለስ ዕድል አለው። ሰውን እጁን የሚያሳጣው መደበቁ ነው።

የነርቭ ምርመራው

ሐኪሙ በትንሽ መዶሻ ይመታችኋል፣ አንጓችሁን ይቆረቁራል፣ ጣቶቻችሁን ይገፋል። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል። ጥርጣሬ ካለ ወይም ቀዶ ሕክምና ከታሰበ የነርቭ ፍጥነት መለኪያና ኢኤምጂ ይታዘዛል። የመጀመሪያው በትንንሽ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነርቩ ምን ያህል ፈጥኖ መልእክት እንደሚያደርስ ይለካል። ሁለተኛው ቀጭን መርፌ ጡንቻ ውስጥ አስገብቶ የጡንቻውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ያዳምጣል። ያሳምማል፤ ግን የሚቻል ነው።

ማሽኑ በየሆስፒታሉ የለም። አዲስ አበባ ድረስ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ከመሄዳችሁ በፊት ሦስት ነገር አጣሩ። አንደኛ፣ ሐኪሙን «ውጤቱ ሕክምናዬን ይቀይረዋል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ምልክቱ ጥርት ያለ ቀላል ካርፓል ተነል ያለ ማሽንም መታከም ሊጀምር ይችላል። ሁለተኛ፣ ማሽኑ እየሠራ መሆኑን፣ ባለሙያውም የትኛው ቀን እንደሚገኝ በስልክ አረጋግጡ። ሦስተኛ፣ ጊዜውን አስሉ። አዲስ ጉዳት ከሆነ የመርፌው ምርመራ ሙሉ ነገር የሚያሳየው 3 ሳምንት ያህል ካለፈ በኋላ ነው።

በዕለቱ እጃችሁን ታጥባችሁ፣ ቅባትም ሎሽንም ሳትቀቡ ሂዱ። የቀዘቀዘ እጅ ነርቩን ዘገምተኛ አስመስሎ ውጤቱን ያሳስታል፤ ከድሬ ሙቀት ወጥታችሁ የአዲስ አበባ ብርድ ላይ ከደረሳችሁ እጃችሁን አሙቁ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ወይም የልብ ምት ማስተካከያ ማሽን ያላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ። ውጤቱ ደህና ነው ቢባልም ተስፋ አትቁረጡ፤ ጀማሪ ካርፓል ተነል በማሽን ላይ ላይታይ ይችላል።

ኤምአርአይን በራሳችሁ ተነሥታችሁ አታሠሩ። ብዙ ብር ይወስዳል። አንገታቸውን ምንም የማያማቸው በዕድሜ የገፉ ሰዎችም ኤምአርአይ ሲነሱ የዲስክ፣ በአንገት አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ፣ መበላሸት ይታይባቸዋል። ሐኪም ከአንገት ነው ብሎ ሲጠረጥርና ድካም ሲኖር ግን ተገቢ ነው።

ሕክምናው

ለካርፓል ተነል የመጀመሪያው መድኃኒት የሌሊት ስፕሊንት፣ አንጓን ደግፎ የሚይዝ ማሰሪያ፣ ነው። ፋርማሲ ወይም ፊዚዮቴራፒ ክፍል ጠይቁ። ስትገዙ አንድ ነገር ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ውስጣቸው ያለው ብረት አንጓን ወደ ኋላ ያጥፋል። የሚፈለገው ግን ቀጥ ማለቱ ነው። ብረቱን አውጥታችሁ አቅኑትና መልሱት። ቢያንስ 6 ሳምንት በየሌሊቱ እሰሩት፤ አሥር ቀን አስሮ «አልሠራልኝም» የሚል ሰው ብዙ ነው። በድሬ ሙቀት ስፕሊንት አስሮ መተኛት ፈተና መሆኑን አውቃለሁ። ከሥሩ ስስ የጥጥ ካልሲ ጣቱን ቆርጣችሁ አጥልቁ፤ ላቡን ይመጥላችኋል። ነፍሰ ጡሮች ከወለዱ በኋላ በአብዛኛው ስለሚሻላቸው እስከዚያ ስፕሊንቱ ይበቃቸዋል።

ለአልናር ፎጣ ክርን ላይ ጠምጥማችሁ በላላ ፕላስተር አስሩና ተኙ፤ ክርኑ ሙሉ በሙሉ እንዳይታጠፍ ይከለክላል። ቀን ቀን ክርን ላይ አትደገፉ። በርጫ የምትቀመጡ ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፉ፤ ትራሱን ከክርን ሥር አንሡት። ስልክ በጆሮ ማዳመጫ አውሩ።

ስፕሊንት ካልበቃ ሐኪም አንጓው አጠገብ ስቴሮይድ ሊወጋ ይችላል። እፎይታው ለሳምንታት ወይም ለወራት ይቆያል። የስኳር ታማሚዎች ለጥቂት ቀናት ስኳራችሁ ከፍ ሊል ስለሚችል ደጋግማችሁ ለኩ።

ስለ ኪኒን ልንገራችሁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለተጨነቀ ነርቭ ብዙም አይፈይዱም፤ ለወራት ሲዋጡ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳሉ። የነርቭ ሕመምን የሚያረጋጉት እንደ አሚትሪፕቲሊን፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ያሉት ናቸው። አሚትሪፕቲሊን ማታ በትንሽ መጠን ይጀመራል። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት የድብርት መድኃኒት ነው ይላል፤ አትደንግጡ፣ በአነስተኛ መጠን ለነርቭ ሕመምም ይታዘዛል። የልብ ምት መዛባት፣ ግላኮማ ወይም የፕሮስቴት ችግር ካለባችሁ ግን ቀድማችሁ ተናገሩ። ሦስቱም እንቅልፍ ያመጣሉ፤ ሰውነታችሁ እስኪለምድ ባጃጅም መኪናም አትንዱ። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊንን በራሳችሁ በድንገት አታቋርጡ። ደግሞም እነዚህ ሕመሙን ያስታግሣሉ እንጂ የተጨነቀውን ነርቭ አያላቅቁም። የቢ ቫይታሚን መርፌም የሚጠቅመው ለጎደለው ሰው ነው። ቢ 6 ከመጠን በላይ ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ቀዶ ሕክምና የሚመጣው መደንዘዙ ቀንም ሌሊትም አልለቅ ሲል፣ ጡንቻ ሲሟሽሽ፣ ወይም ስፕሊንቱና መርፌው ሳይረዱ ሲቀሩ ነው። የካርፓል ተነል ቀዶ በአካባቢ ማደንዘዣ ይሠራል፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ በዕለቱም ቤት ይገባል። እጃችሁን ከልብ ከፍታ በላይ አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ጣቶቻችሁን ከዚያው ዕለት ጀምሮ አንቀሳቅሱ። ክሩ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ይወጣል። የሌሊቱ ሕመም ብዙ ጊዜ ቶሎ ይተዋል። ለዓመታት የደነዘዘ ጣት ግን ወራት ይፈልጋል፤ ሁሉም ላይመለስም ይችላል። እጅ የመጨበጥ ጉልበቱ እንዲመለስ ሁለትና ሦስት ወር ስለሚወስድ እንጀራ ጋጋሪም ሆነ ልብስ ሰፊ ሥራውን የሚይዝለት ሰው ቀድሞ ያዘጋጅ።

የተቆረጠ ነርቭ ከተሰፋ በኋላ በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ያድጋል። አንጓ ላይ የተቆረጠው ነርቭ ጣት ጫፍ ለመድረስ ግማሽ ዓመት ገደማ ይፈጅበታል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ ፊዚዮቴራፒ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይጠብቃል። ስሜት የሌለውን እጅ ደግሞ ዓይን ይጠብቀው። ምጣድና የጀበና እጀታ በወፍራም ጨርቅ ይያዝ፤ ከሰል በመቆንጠጫ ይነሳ፤ የውሃ ሙቀት በጤነኛው እጅ ይሞከር። ማታ ማታ ቁስል እንዳለ መዳፋችሁን እዩ።

ነርቩ ሳይደርስ ዓመት ተኩል ገደማ ካለፈ ጡንቻው ምላሽ መስጠት ያቆማል። ያኔም ቢሆን ሌላ መንገድ አለ። ቀዶ ሐኪሞች ከሚሠራ ጡንቻ ጅማት ወስደው ወደማይሠራው ያዛውራሉ፤ የወደቀ አንጓ ቀና እንዲል፣ የተቆለመመ ጣት እንዲዘረጋ ያደርጋሉ። አዲስ አበባ አለርት ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ለተጎዱ እጆች ይህን ሲሠራ የኖረ ነው። ጉዳታችሁ የቆየ ከሆነ ሪፈር ስታጽፉ ስለ ጅማት ማዛወር በስሙ ጠይቁ፤ ለዚያ ቀዶ መገጣጠሚያው ለስላሳ ሆኖ መቆየት ስላለበት፣ ቀጠሮ እስኪደርስ ጣቶቻችሁን በሌላኛው እጅ በየቀኑ እያጠፋችሁ ዘርጓቸው።